ጨጓራን ካሳነሰ ቀዶ ሕክምና በኋላ «ልብ ብሎ መብላት»፦ ሥልጠናው እንዴት ይሰጥ?

ዳማከሴ (ክሩን የከፈተ)

ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና ላሳነሱ ሰዎች የሚሰጠውን የማይንድፉልነስ ሥልጠና እዚህ ዘርዘር አድርገን እንየው። አሠልጣኞች፣ ነርሶች፣ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች፣ አስተርጓሚዎች ያላችሁን ጨምሩበት። የግል ታሪክ የሚጻፍበት ክፍል ሌላ ነው፤ እዚህ አሠራሩን ብቻ።

መጀመሪያ ከስሙ እንገላገል። ውጭ አገር ባሉ ክሊኒኮች አንዳንድ አስተርጓሚ ቃሉን ገንጥሎ «የአእምሮ ሙላት» ይለዋል። ስለ ጥጋብና ስለ ሆድ በሚወራበት ክፍል ውስጥ «ሙላት» ማለት ሰውን ግራ ከማጋባት በቀር ጥቅም የለውም። «ተመስጦ»ም አይሆንም፤ የተመሰጠ ሰው ያለበትን ይረሳል፣ ይህ ግን ያሉበትን ማወቅ ነው። አማርኛ ቃሉ በእጁ ነው፦ ልብ ማለት። ልብ ብሎ መተንፈስ፣ ልብ ብሎ መብላት።

በስሊቭ ቀዶ ሕክምና ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ ቱቦ ያለ ክፍል ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ቢይዝ ነው። በባይፓስ ደግሞ ከላይ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ከረጢት ትሠራና በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች። ስለዚህ ሰውየው ዕድሜ ልኩን የሚያውቀው የጥጋብ ምልክት፣ ያ የሆድ መወጠር፣ በድሮው መልኩ አይመጣም። በምትኩ ከደረት አጥንት ሥር ጫን የሚል ነገር፣ ስቅታ፣ ማስነጠስ፣ የአፍንጫ መርጠብ፣ ሳያስቡት የሚወጣ ረጅም ትንፋሽ፣ የምራቅ መብዛት ይመጣል። ከሰው ሰው ይለያያል፤ በአንድ ሰው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ያው አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው የሚደጋገሙት። ምልክቱ በታየበት ጉርሻ ላይ ያቆመ ሰው በሰላም ይነሣል። አንድ የጨመረ ደረቱን ያመዋል፤ ሁለት የጨመረ ያስመልሰዋል።

የሥልጠናው ሥራ ይህን አዲስ ምልክት ማስለየት ነው ብዬ አምናለሁ። መንፈስ ቢረጋጋ እሰየው፤ ግን በመንፈስ መረጋጋት የጀመረ አሠልጣኝ የሥልጠናውን 8 ሳምንት በሻማና በሙዚቃ ይጨርሰዋል።

መቼ ይሰጥ? ከቀዶ ሕክምናው በፊት 2 ወይም 3 አጭር ክፍለ ጊዜ፣ ለመተንፈስና ቀስ ብሎ ለማኘክ ብቻ። ዋናውን ከ4ኛ እስከ 6ኛው ወር ባለው ጊዜ መጀመር ይሻላል። በተለይ በስሊቭ፣ ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመረትበት የጨጓራ ክፍል ስለሚወጣ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ረሃብ ዝም ይላል። የሌለን ረሃብ ልብ በል ማለት አይቻልም። ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ዓመት መካከል ዝቅተኛው ላይ ይደርስና ከዚያ ጥቂት ማንሠራራት ይጀምራል፤ ልማዱ ከዚያ በፊት ሥር መስደድ አለበት።

አደረጃጀቱ፦ ከ8 እስከ 10 ሰው፣ በሳምንት አንድ ቀን 90 ደቂቃ፣ ቤት ውስጥ በቀን ሁለቴ 10 ደቂቃ። 1ኛው ሳምንት ትንፋሽ ብቻ ነው። 2ኛውን በዝርዝር እጽፈዋለሁ፣ የሚበላሸው እዚያ ላይ ስለሆነ።

«የአንድ ፍሬ ልምምድ» እንበለው። በሌላው ዓለም የሚሠራው በዘቢብ ነው፤ ለእኛ ሰው በደንብ የተቀቀለና የተላጠ አንድ ሽምብራ ይሻላል፣ ጠንካራ ምግብ ገና ላልተፈቀደለት ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ እርጎ። ፍሬውን መዳፍ ላይ አስቀምጦ 30 ሴኮንድ ማየት። በጣት ማገላበጥ። ማሽተት። ምላስ ላይ አድርጎ ሳያኝኩ 10 ሴኮንድ መቆየት። ከዚያ እንደ ገንፎ እስኪልም ማኘክ፣ መዋጥ። እስከዚህ ድረስ ማንም ያሠራዋል። ለጨጓራ ታካሚ የሚጨመረው ከዋጡ በኋላ ያለው አንድ ሙሉ ደቂቃ ነው፦ ምንም ሳይጨምሩ፣ ትኩረትን ከአፍ አውርዶ፣ ምግቡ በደረት መካከል ሲያልፍ መከታተልና «ከደረት አጥንት ሥር አሁን ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ። ሰዎች አፋቸው ላይ ይቀራሉ፣ ጣዕሙ እዚያ ስላለ። አሠልጣኙ ደጋግሞ «አሁን ከአንገት በታች» እያለ ካላወረዳቸው ልምምዱ የቅምሻ ድግስ ይሆናል።

3ኛውና 4ኛው ሳምንት ረሃብንና አምሮትን ለመለየት፣ 5ኛው ሙሉ ገበታ አብሮ ለመብላት፣ 6ኛው ለስሜት፣ 7ኛው ለድግስና ለሰው ቤት፣ 8ኛው ክብደት ሲመለስ ምን እንደሚደረግ ለመነጋገር። እናንተ አርሙት።

---

ጤናአዳም

ወንድም ዳማከሴ፣ ከመግባትህ በፊት የደኅንነቱ ነገር ይቅደም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የልብ ምት በደቂቃ ከ120 በላይ ሆኖ ከቀጠለ፣ ትኩሳት ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሆድ ወይም ግራ ትከሻ በኃይል ካመመ፣ ይህ የስፌት መፍሰስ ወይም የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። «ጭንቀት ነው፣ ቁጭ በልና ተንፍስ» የሚባልበት ሰዓት አይደለም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ሥልጠናው ላይ የሚሰጠው ወረቀት የመጀመሪያ ገጹ ይህ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ማስመለስ። ከ2 ወይም 3 ቀን በላይ የሚያስመልስ ሰው ልብ ብሎ ስላልበላ ነው ተብሎ አይታለፍ። የጨጓራውና የአንጀቱ መገናኛ ጠቦ ሊሆን ይችላል። ከዚያም በላይ ታያሚን የተባለው ቫይታሚን ቢ1 በሳምንታት ውስጥ ያልቃል፤ እጥረቱ ዓይንን ያንቀጠቅጣል፣ አረማመድን ያንገዳግዳል፣ አእምሮን ያደናግራል፣ ሳይታከም ከቆየ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። ቶሎ ሐኪም ጋ ይሂድ፤ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊትም ታያሚን እንዲሰጠው ይነገር።

ሦስተኛ ትንፋሹ። ቀዶ ሕክምናው በላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች፣ በካሜራ እየታየ) ስለሚሠራ ሆዱ ላይ ከ4 እስከ 6 ትንንሽ ቁስሎች አሉ። በመጀመሪያው ወር «ሆድህን ነፍተህ ተንፍስ» ማለት ያሳምማል፣ ያመመውም ሰው ልምምዱን ይጠላዋል። ትራስ ሆዱ ላይ አቅፎ፣ ትኩረቱን አፍንጫው ላይ ወይም የጎን አጥንቱ ላይ ያድርግ። ከምግብ በኋላ ባለው 2 ሰዓት ውስጥም የተቀመጠ ልምምድ አታሠሩ፤ ምክንያቱን ከታች የሚጽፍ ይኖራል።

የምግቡ ደረጃም ከልምምዱ ጋር ይሂድ። መጠኑ በየሆስፒታሉ ቢለያይም በግርድፉ የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ፈሳሽ፣ ከዚያ 2 ሳምንት የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ፣ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት በኋላ መደበኛ ምግብ። በ3ኛው ሳምንት ላይ ያለን ሰው ዘቢብ ወይም ቆሎ ማስያዝ ጥፋት ነው።

---

ቶና

ስለ ማስረጃው አንድ ነገር ልበል፣ ሳይጋነን።

የዚህ ሁሉ መነሻ ጆን ካባት ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የጀመረው 8 ሳምንት የሚፈጅ ፕሮግራም ነው፤ በሳምንት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አንድ ሙሉ ቀንም አለው። ለመብላት ችግር ያስተካከለችው በኢንዲያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ጂን ክሪስቴለር ናት። ሁለቱም የተሠሩት ጨጓራው ሙሉ ለሆነ ሰው ነው። ረጅሙ የዝምታ ቀን ውኃ በየ15 ደቂቃው ፉት ማለት ላለበት ታካሚ አይመችም፤ እንደወረደ አትቅዱት።

በጨጓራ ታካሚዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው። በ2008 የታተመው 7 ሰው ነበረው። በቦስተን ተሠርቶ በ2016 የታተመው 18 ሰው ነበረው፣ 10 ሳምንት ፈጀ፤ በስሜት ተነሣሥቶ መብላት ቀንሷል፣ ክብደት ላይ ግን ግልጽ ልዩነት አላሳየም። እንግዲህ ይህን ሥልጠና «ኪሎ ይቀንሳል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ካገኛችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አድርጉ። ማስመለስ ከቀነሰ፣ ሳያቋርጡ መቀማመስ ከቀነሰ፣ ሰው ገበታ ፊት መጨነቁን ከተወ ለኔ ይበቃል።

---

አብሲት

እንጀራውንስ? አንድ ነገር አልገባኝም፤ በውጭ ክሊኒኮች የሚሰጠው ወረቀት ሁሉ «ሹካህን በየጉርሻው መሐል አስቀምጥ» ይላል። በእጁ የሚበላ ሰው ምኑን ያስቀምጥ?

---

ባለ መሶብ

አብሲት፣ ጥሩ ጠየቅሽ። በእጅ መብላት ለዚህ ሥልጠና ከሹካ ይሻላል እላለሁ። ሙቀቱን፣ ልስላሴውን፣ የጉርሻውን መጠን ጣት ከአፍ በፊት ያውቀዋል። «ሹካ አስቀምጥ» የሚለውን «እጅህን ከማዕዱ አንሣና ጭንህ ላይ አሳርፍ» በሚለው ለውጡት። እጁ ገበታው ላይ እያንዣበበ ያለ ሰው እያኘከ ቀጣዩን ይቆርሳል፤ አብዛኛው ፍጥነት የሚመጣው ከዚያ ነው።

መጠን። ቁራሹ ከአውራ ጣት ጥፍር አይብለጥ። ከትሪ ላይ በጋራ መብላት መጠንን ስለሚያጠፋ፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ለብቻ በሳሕን፤ ስፋቱ 18 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ከ6 ወር በኋላ የአንድ ገበታ ጠቅላላ መጠን ከግማሽ እስከ አንድ ስኒ፣ ማለትም ከ120 እስከ 240 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የቡና ስኒ ማለቴ አይደለም፣ የመለኪያውን ነው።

ቅደም ተከተል። ፕሮቲኑ ይቅደም፦ እንቁላል፣ ዓሣ፣ አይብ፣ በደንብ የበሰለ ምስር፣ የተፈጨ ሥጋ። ቀጥሎ አትክልት። እንጀራ መጨረሻ። እንጀራ፣ ለስላሳ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ ከምራቅ ጋር ሲገናኙ ተጣብቀው እንደ ሊጥ ድቡልቡል ይሆናሉ፤ ጠባቡ መውጫ ላይም ይቀረቀራሉ። ደረቅ ጥብስም እንዲሁ ይቀረቀራል፣ ያውም ከእንጀራ የባሰ። ዕለታዊ ፕሮቲን ከ60 እስከ 80 ግራም ስለሚፈለግ በእንጀራ የጀመረ ሰው ፕሮቲኑ ጋ ሳይደርስ ቦታው ያልቅበታል።

ጊዜ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። በ30ኛው ደቂቃ ሳሕኑ ላይ የተረፈ ቢኖርም ይነሣ። ቀስ ብሎ መብላት ጥሩ ነው ብሎ አንድ ሰዓት የሚቀመጥ ሰው አለ፤ የመጀመሪያው ምግብ እየወረደለት ሌላ ይጨምራል፣ ሳያውቀው ሁለት ገበታ ይበላል። ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣ፤ ከበሉ በኋላም 30 ደቂቃ ይቆይ።

---

ዳማከሴ

በእጅ መብላቱን አላሰብኩትም ነበር። 5ኛው ሳምንት ላይ አስገብቼዋለሁ። ስለ 30 ደቂቃው ደግሞ ጨምሬ ልበል፦ ሰዓቱ ከኋላ ይቀመጥ፣ ፊት ለፊት አይሁን። ሰዓት እያየ የሚበላ ሰው ልብ የሚለው ሰዓቱን ነው።

---

ድርቆሽ

ልክ ነው፤ ግን እኔ ከዚያም አልፌ እቃወማለሁ። «30 ጊዜ አኝክ» የሚለው መመሪያ በየወረቀቱ ላይ አለ። ለመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ይሁን፣ ቁስሉ እስኪድን ደኅንነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቆጠራው ራሱ ሥራ ይሆንና ሰውየው እየቆጠረ ጣዕሙንም ምልክቱንም ያልፈዋል። መለኪያው ልመት ነው፤ ምላስ ላይ ጉብታ የሌለው ሲሆን ይዋጣል። ምስር 10 ጊዜ ይበቃዋል፣ ሥጋ 40ም ላይበቃው ይችላል።

ሌላም አለ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሳይቆጣጠሩ በብዛት የመብላት ችግር የነበረበት ሰው፣ መቁጠር፣ መመዘን፣ አኝኮ መትፋት ሲጀምር «በጣም ጥሩ ተማሪ» ይመስላል። አይደለም። አኝኮ መትፋት፣ ፈልጎ ማስመለስ፣ ሰው ፊት ጨርሶ አለመብላት ሲታይ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ይላክ፤ ቡድኑ ውስጥ እየተመሰገነ አይቆይ። ልብ ማለት ራስን መጠበቅ እንጂ ራስ ላይ ዘበኛ ማቆም አይደለም።

---

እርሾ

ረሃብና አምሮት የሚለውን ዘርዝሩልኝ። እንዴት ነው የሚያስለዩት?

---

ቶና

እርሾ፣ እዚህ ላይ አማርኛ ግማሹን ሥራ ሠርቶልናል፤ ሁለቱን ለየብቻ ስም ሰጥቷቸዋል። ረሃብ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ምግብ አይመርጥም፣ ከበሉ 3 ወይም 4 ሰዓት ሲያልፍ ነው፣ የተቀቀለ እንቁላል ቢቀርብለት ደስ ይለዋል። አምሮት ድንገት ይመጣል፣ ስም ጠርቶ ይመጣል፦ ዳቦ፣ ቸኮሌት፣ ክትፎ። የተቀቀለ እንቁላል ብትሰጠው ፊቱን ያዞራል። ይህቺ «የእንቁላል ጥያቄ» ለቤት ልምምድ ምርጥ ናት፤ ማታ ጓዳ በር ላይ ቆሞ «አሁን እንቁላል ቢሰጠኝ እበላለሁ?» ብሎ መጠየቅ።

ግን ሦስተኛ አለ፣ ብዙ አሠልጣኝ የሚረሳው፦ ጥም። በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር መጠጣት ያለበት ሰው ከምግብ ጋር መጠጣት ስለማይችል ብዙ ጊዜ ይጎድልበታል፣ ጥሙም በረሃብ መልክ ይመጣል። ስለዚህ ከጥያቄው በፊት ጥቂት ፉት ብሎ 15 ደቂቃ መቆየት። ፉት ማለቴ ነው፣ መጨለጥ አይደለም። አራተኛም አለ ካልን የአሲድ ቃር፤ ከስሊቭ በኋላ ቃር ይበዛል፣ ባዶ ሆድ ላይ የሚሞረሙር ስሜቱን ረሃብ ብሎ የሚያስታግሰው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲበላ ይውላል። ይህኛው መድኃኒት እንጂ ልምምድ አይፈልግም።

አምሮት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ያለው አሠራር ከአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ከአላን ማርላት የሱስ ሕክምና የመጣ ነው። በውጭ አገር የባሕር ማዕበል ላይ መንሳፈፍ እያሉ ያስተምሩታል፤ ለደገኛ ሰው ማዕበል ምኑም አይደለም። ጀበና ይሻላል። ጀበና ሊገነፍል ሲል ቡናውን አትደፋውም፣ አፉንም አትደፍነውም፤ ከእሳቱ ከፍ አድርገህ ትይዘዋለህ፣ ይወርዳል፣ መልሰህ ትጥደዋለህ፣ እንደገና ይወጣል። አምሮትም እንዲሁ። ተቀመጥ፤ አምሮቱ ሰውነትህ ላይ የት እንዳለ ፈልግ (ምላስ ሥር? መንጋጋ? እጅ?)፤ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጠው፤ በየ3 ደቂቃው መልሰህ ቁጥሩን ጻፍ። ብዙ ጊዜ በ20 ወይም 30 ደቂቃ ውስጥ ይወርዳል። ካልወረደ ተሸነፍክ ማለት አይደለም፤ መጠኑን ወስነህ፣ ቁጭ ብለህ፣ በሳሕን ብላው። ቆሞ ከማሰሮ መብላት ነው የሚያጠፋው።

---

አብሲት

የጀበናውን ነገር ወደድኩት። ግን ራሱ ቡናው አይደል እንዴ ችግሩ! አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ መሐሉ ላይ ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ዳቦ።

---

ባለ መሶብ

አዎ፣ ዋናው ወጥመድ እዚያ ነው። ሳያቋርጡ መቀማመስ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ክብደት እንዲመለስ ከሚያደርጉት አንዱ ነው፤ ጨጓራው አንድ ጊዜ ብዙ መያዝ አይችልም እንጂ ትንሽ ትንሽ ቀኑን ሙሉ ቢሰጠው ይወስዳል። ፈንዲሻ አፍ ውስጥ ስለሚሟሽሽ የጥጋብ ምልክት ጨርሶ አያመጣም፤ ልብ ማለትም አያድንም፣ የሚያዝ ምልክት የለምና። እዚህ ላይ መፍትሔው ውሳኔ ነው፦ ሳሕኑ በእጅ ርቀት ላይ አይቀመጥ። ቆሎ ከ3 ወር በኋላ ለተፈቀደለት ሰው፣ አንድ ጭብጥ ተቆጥሮ በትንሽ ሳሕን፣ አንድ አንድ ፍሬ።

ቡናው ራሱ ያለ ስኳር ይሁን። የብረት እንክብል የሚወስድ ሰው ደግሞ ከቡናም ከሻይም ቢያንስ አንድ ሰዓት ያርቀው፣ ብረቱን ይዘውበት ይሄዳሉ። ካልሲየምንም ከብረት 2 ሰዓት።

ጉርሻን ማንም ስላላነሣው ላንሣው። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» እንላለን፤ 30 ሚሊ ሊትር ከረጢት ላለው ሰው ግን አንድ የሠርግ ጉርሻ ብቻውን ቤቱን ሊሞላው ይችላል። እምቢ ማለት ደግሞ ያስቀይማል። 7ኛው ሳምንት ላይ ሁለት ሁለት ሆነው በትክክል ይለማመዱት፣ አንዱ አጉራሽ አንዱ ጎራሽ። የሚሠሩ ሦስት መንገዶች አሉ። ጉርሻውን በሁለት እጅ ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ ከሳሕን ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆርሶ መቅመስ። ወይም አጉራሹን ቀድሞ፣ በትንሹ ጠቅልሎ ራስ ማጉረስ፤ ከዚያ በኋላ የሚገፋፋ ይቀንሳል። ወይም ለባለቤቲቱ ከድግሱ በፊት በስልክ መንገር፤ «ሆዴ ታክሟል፣ በትንሹ ነው የምበላው» ይበቃል፣ ቀዶ ሕክምናውን መዘርዘር አያስፈልግም። እናቶች «ብላ እንጂ፣ ምነው ገረጣህ» ሲሉ «በልቻለሁ እማዬ፣ ቆይቼ እደግማለሁ» ከክርክር ይሻላል። ቆይተው አይጠይቁም ማለቴ አይደለም፤ ግን ግማሽ ሰዓት ይገኛል።

---

ጤናአዳም

ከምግብ በኋላ ስላለው ሰዓት ቀደም ብዬ ያነሣሁትን የጻፈ የለም፤ ልመለስበት።

በተለይ ከባይፓስ በኋላ ስኳር ወይም ቅባት የበዛበት ምግብ ወደ ትንሹ አንጀት ቶሎ ይደፋል፤ ዳምፒንግ ይባላል። የመጀመሪያው ዓይነት ከበሉ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ውስጥ ይመጣል፦ ልብ ይመታል፣ ፊት ይግላል፣ ላብ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ። ሁለተኛው ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ የሚመጣ ሲሆን የደም ስኳር መውረድ ነው፦ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ መደናገር፣ ብርቱ ረሃብ።

አሁን ይህን ሰው ከምግብ በኋላ አስቀምጣችሁ «የልብ ምትህን ልብ በል» ብትሉት ምን ይሆናል? ዳምፒንጉን ድንጋጤ ይለዋል፣ ወይም ድንጋጤውን ዳምፒንግ ይለዋል። ስለዚህ ልምምዱ ከምግብ በፊት ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ የኋለኛው ዳምፒንግ ለሚያስቸግረው ደግሞ ከምግብ በፊት ብቻ። ለመለየት ሰዓት መጻፍ ይረዳል፦ መቼ በላ፣ ምን በላ፣ መቼ ጀመረው። የመጀመሪያው ዓይነት ጋደም ሲሉ ይቀላል። ሁለተኛው ሲጠረጠር በጣት ጫፍ ደም ይለካ፤ በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ሐኪሙ የወሰነለትን ፈጣን ስኳር ወስዶ ቀጥሎ ፕሮቲን ይብላ። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ከሆነ መጠኑ እንዲከለስ ለሐኪሙ ይደውል። ስኳሩ የወረደን ሰው ዓይንህን ጨፍን ማለት አደጋ ነው።

---

ዳማከሴ

እህት ጤናአዳም፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቤት ልምምዱን ከቁርስና ከእራት በፊት ብዬ አስተካክዬዋለሁ።

---

ሰንሰል

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ይህ ነገር የሌላ ሃይማኖት ልምምድ ነው የሚሉ አሉ፤ አሠልጣኝ ምን ይመልስ? ሁለተኛ፣ ጾምስ?

---

ቶና

ለመጀመሪያው፦ ሥሩ የቡድሃ ትምህርት ውስጥ እንዳለ አይደበቅ፤ ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጠው ግን ትንፋሽንና ጉርሻን ማስተዋል ብቻ ነው፣ የሚደገም ቃልም የሚጠራ ስምም የለውም። ዓይን መጨፈንም፣ እግር ማጣጠፍም ግዴታ አይደለም። የማዕድ ጸሎት ወይም ቢስሚላህ የሚል ሰው የመጀመሪያውን ዝምታ እዚያው ላይ ያድርገው፣ አሜን ካለ በኋላ አንድ ትንፋሽ ጨምሮ ይጀምር። አልፈልግም ላለ አይጫን።

---

ባለ መሶብ

ለሁለተኛው እኔ ልመልስ።

የኦርቶዶክሱ ጾም ሁለት ነገር አለው፤ ሰዓቱና የምግቡ ዓይነት። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር ወደ 9 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፤ በትንሽ ጨጓራ በቀን ሦስቴ 100 ግራም ቢበላ 27 ግራም ነው፣ ከሚፈለገው ግማሽ አይሞላም። ሽሮ ውኃው ስለሚበዛ ከዚያም ያነሰ ነው። ቀሪው ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር ፕሮቲን ዱቄት መምጣት አለበት፤ እሱም የጾም ነው። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መቆየቱ ደግሞ ሦስቱን ገበታ ወደ ማታ ይገፋቸውና ጥድፊያ ያመጣል። በረመዳን ያለው ችግር ከሁሉ በፊት ውኃ ነው። ከኢፍጣር በኋላ ነቅቶ የሚቆየው 5 ሰዓት ቢሆን፣ 1.5 ሊትር ለማሟላት በሰዓት 300 ሚሊ ሊትር በትንሽ በትንሹ መጠጣት አለበት፣ ያውም ከምግብ 30 ደቂቃ እየራቀ። ሒሳቡን አስቡት። ብዙ ሐኪሞች በመጀመሪያው ዓመት አይፈቅዱም። በሁለቱም እምነት ለሕመምተኛ መንገድ አለ፤ ንስሐ አባትን ወይም ሼኩን ከጾሙ በፊት ማነጋገር ነው፣ በመሐል አይደለም።

ጾሙን የተፈቀደለት ሰው መፈቻው ላይ ልብ ይበል። ቴምር ስኳር ነው፣ አንዱ በግማሽ ተቆርሶ፤ ከዚያ ቆይቶ ሾርባ። ሳምቡሳው የት ሊሄድ ነው።

---

ድርቆሽ

ከ8ኛው ሳምንት በፊት አንድ ርዕስ ጎድሏል፦ መጠጥ። ከባይፓስ በኋላ አልኮል ወደ ደም ቶሎ ይገባል፣ መጠኑም ከፍ ይላል። በአሜሪካ ወደ 2000 የሚጠጉ ታካሚዎችን ተከታትሎ በ2012 የታተመው ትልቁ ጥናት፣ የአልኮል ችግር ከቀዶ ሕክምናው በፊት 7.6 በመቶ የነበረው በሁለተኛው ዓመት 9.6 በመቶ መድረሱን አሳይቷል። መጀመሪያው ዓመት ላይ አልነበረም ጭማሪው፤ ክትትሉ በሚላላበት ሰዓት ነው የመጣው።

ጠጅ ደግሞ አልኮልም ስኳርም ነው፣ ዳምፒንጉንም ይጠራል። በምግብ የሚያስታግሱት የነበረውን ስሜት ምግቡ ሲዘጋ ወደ ብርጭቆ ማዞር ቀላል ነው። 6ኛው ሳምንት ላይ የስሜት ልምምዱ ሲሠራ «ድሮ በምን ነበር የማስታግሰው? አሁንስ በምን?» የሚሉት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመለሱ፤ ጮክ ተብሎ በቡድን ፊት አይጠየቅ፣ የእኛ ሰው በሰው ፊት ስለ መጠጥ እውነቱን አይናገርም።

---

እርሾ

የመጨረሻ ጥያቄ። ምዝገባው ምን ዓይነት ይሁን? ካሎሪ የሚያስቆጥር መተግበሪያ ላይ ይጻፍ ወይስ ደብተር?

---

ዳማከሴ

ደብተር። አራት ዓምድ ብቻ፦ የጀመረበት ሰዓት፣ ከመብላቱ በፊት ረሃብ ወይስ አምሮት ወይስ ጥም፣ ለማቆም የነገረው ምልክት ምን ነበር፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ስንት ጉርሻ ጨመረ። የመጨረሻው ዓምድ ነው የሚታየው። በ2ኛው ሳምንት 3 ወይም 4 ይጻፋል፤ ዜሮ ብቻ የሚጽፍ ሰው ካለ አሠልጣኙ ይጠርጥር፣ ወይ ምልክቱን አላገኘውም ወይ ደስ ሊያሰኘው ነው። ሦስተኛው ዓምድ ለ2 ሳምንት ባዶ ከሆነ ወደ አንድ ፍሬው ልምምድ ይመለስ፤ ምግቡን ደግሞ ከሾርባና ከፈሳሽ ወደ ጠጠር ወዳለው ይቀይር፣ ፈሳሽ ሳይቆም ስለሚያልፍ ምልክት አይሰጥም።

---

አብሲት

ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ እናቶችስ?

---

ባለ መሶብ

ሽምብራ። ሁለት ስኒ ጠረጴዛው ላይ፤ ምልክቱ ታይቶ ያቆሙበት ገበታ ከሆነ አንድ ፍሬ ቀኝ ስኒ ውስጥ፣ ያለፉበት ከሆነ ግራ ስኒ ውስጥ። በሳምንቱ መጨረሻ ሁለቱንም ይዘው ይምጡ። ጥሬ ይሁን ሽምብራው፣ የተቆላ ከሆነ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አይተርፍም።